መንገዱ ይሮጣል፣ መኪናዋ ትቆማለች፦ በኮሞዶር 64 የእሽቅድምድም ጌም አሠራር

የመኪና እሽቅድምድም ጌም ለመሥራት ሥዕል መቻል አያስፈልግም። ኪቦርድ ላይ ያሉት ምልክቶች ይበቃሉ። መንገዱ በ"#" ይሠራል፣ መኪናዋ አንዲት ፊደል ትሆናለች፣ አደጋው ደግሞ ኮከብ ነው። ጠቅላላው ፕሮግራም ሃያ ምናምን መስመር ቢሆን ነው። ግን ሲሠራ ልብ ያንጠለጥላል።

የምንሠራው በኮሞዶር 64 ላይ ነው። ይህ ኮምፒውተር ገበያ ላይ የዋለው በ1982 ነው። 64 ኪሎባይት ሚሞሪ አለው። ሲከፈት ለቤዚክ ፕሮግራም የተረፈው 38911 ባይት እንደሆነ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይናገራል። ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አብሮት የተሠራ ስለሆነ ምንም መጫን የለባችሁም። ማሽኑን አብርታችሁ መጻፍ ነው። እውነተኛው ማሽን ከሌላችሁ ቫይስ የሚባለውን ነጻ ኢሙሌተር (ኮሞዶርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ፤ ልዩነት የለውም።

አንድ ስምምነት እናድርግ። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ነው፤ እናንተ የምትተይቧቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ኤል፣ ኤክስ፣ ፒ፣ ደብልዩ እያልኩ የምጽፋቸው እያንዳንዳቸው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው። አርኤንዲ ሦስት ፊደል ነው፣ ሲኤችአርም እንዲሁ፤ ቲአይ ሁለት ነው። ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን እንዳሉ ገልብጧቸው። እያንዳንዱን መስመር ስትጨርሱ ሪተርን ተጫኑ፤ መሀል የሚገባ መስመር በኋላ ብትጽፉም ማሽኑ ራሱ በመስመሩ ቁጥር ቅደም ተከተል ያስገባዋል። ፊደሎቹን ስትጽፉ ሺፍት አትንኩ፤ በሺፍት ከጻፋችሁ በፊደል ፈንታ ሥዕል ነገር ይመጣል። ፕሪንት ብሎ መጻፍ የሰለቸው ሰው በምትኩ የጥያቄ ምልክት "?" ቢያስገባ ማሽኑ ራሱ ይተረጉምለታል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ዋናውን ዘዴ እንያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል።

የኮሞዶር ስክሪን 40 ዓምድና 25 ረድፍ አለው። በድምሩ 1000 ቦታ። ጽሑፍ ታችኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ሌላ መስመር ሲጨመር ማሽኑ ስክሪኑን በሙሉ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ይገፋል። ይህን ሥራ የሚሠራው አብሮት የተሠራው የማሽን ኮድ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ፕሮግራም፣ ስለሆነ ፈጣን ነው። እኛ በቤዚክ 1000 ቦታዎችን አንድ በአንድ እናንቀሳቅስ ብንል ለአንድ እርምጃ ብቻ ሰከንዶች ይፈጅብናል። ስለዚህ መንገዱን ከታች በኩል አንድ አንድ ረድፍ እንጨምራለን፣ ማሽኑም ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋልናል። መኪናዋን ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ረድፍ ላይ እንተክላታለን። ተጫዋቹ የሚያየው መኪናዋ ወደ ታች ስትበር ነው፤ በእርግጥ የሚሮጠው መንገዱ ነው።

ዛሬ ከለመድናቸው ጌሞች አንጻር መኪናዋ ተገልብጣለች፤ አፍንጫዋ ወደ ታች ነው። ይህ ምርጫ አይደለም፣ ማሽኑ በነጻ የሚሠራልን ግፊያ (ስክሮል) ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ነው። ሁለት ዙር ከተጫወታችሁ በኋላ ትረሱታላችሁ።

አሁን እንጀምር። መጀመሪያ ስክሪኑን ጥቁር አድርገን ቀጥ ያለ መንገድ እንዘርጋ።

10 ፖክ 53280,0:ፖክ 53281,0
20 ፕሪንት ሲኤችአር$(147);ሲኤችአር$(5);
30 ኤል=12:ደብልዩ=13:ኤክስ=19:ዲ=0:ሲ=0:ኤስ=0
40 ፒ=1424+ኤክስ
50 ፎር አይ=1 ቱ 24
60 ፕሪንት ታብ(ኤል)"###";ታብ(ኤል+ደብልዩ)"###"
70 ኔክስት

ፖክ ማለት "በዚህ የሚሞሪ አድራሻ ላይ ይህን ቁጥር አስቀምጥ" ማለት ነው። የዚህ ማሽን ቤዚክ ለቀለም፣ ለሥዕልና ለድምፅ የራሱ ትዕዛዝ የለውም። ሁሉም ነገር በፖክ ነው የሚሆነው። 53280 የስክሪኑ ጠርዝ ቀለም ነው፣ 53281 የመሀሉ ቀለም። 0 ጥቁር ነው። መስመር 20 ላይ 147 ስክሪኑን ያጸዳል፣ 5 ጽሑፉን ነጭ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ መሰል ምልክት ";" አትዝለሏት፤ እሷ ከሌለች ጠቋሚው አንድ መስመር ይወርዳል። ፎር እና ኔክስት በመሀላቸው ያለውን ይደጋግማሉ፣ እዚህ 24 ጊዜ፤ ታብ ጽሑፉ የሚጀምርበትን ዓምድ ይወስናል።

ኤል የግራው ግድግዳ የሚጀምርበት ዓምድ ነው። ደብልዩ ከግራው ግድግዳ መነሻ እስከ ቀኙ መነሻ ያለው ርቀት ነው። ግድግዳው ሦስት ምልክት ስለሚወፍር መኪናዋ የምትነዳበት ክፍት ቦታ ደብልዩ ሲቀነስ 3፣ ማለትም ለጊዜው 10 ነው። ኤክስ የመኪናዋ ዓምድ ነው፣ ኤስ ነጥቡ። ፒን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ራን ብላችሁ ሞክሩት። ሁለት ቀጥ ያሉ ግድግዳዎች ካያችሁ ቀጥሉ። ካላያችሁ ሊስት ብላችሁ የጻፋችሁትን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ የተረሳች ቅንፍ ናት።

አሁን መንገዱን እናጣመው። መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ በየረድፉ ዕጣ አውጥቶ ኤልን አንድ ወደ ግራ ወይም አንድ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ይሠራል፣ ግን መንገዱ እጁ እየተንቀጠቀጠ የተሰመረ መስመር ይመስላል። መንገድ እንደ አባይ በረሃ ቁልቁለት ነው መሆን ያለበት፤ ወደ አንድ በኩል ሲታጠፍ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ዕጣ የምናወጣው ለቦታው ሳይሆን ለአቅጣጫው ነው፤ እሱንም አልፎ አልፎ ብቻ።

80 ዜድ=አርኤንዲ(-ቲአይ)
100 ኢፍ አርኤንዲ(1)<.2 ዜን ዲ=ኢንት(አርኤንዲ(1)*3)-1
110 ኤል=ኤል+ዲ
120 ኢፍ ኤል<1 ዜን ኤል=1:ዲ=1
130 ኢፍ ኤል>23 ዜን ኤል=23:ዲ=-1
170 ፕሪንት ታብ(ኤል)"###";ታብ(ኤል+ደብልዩ)"###"
230 ጎቱ 100

አርኤንዲ ከ0 እስከ 1 ባለው መሀል ዕጣ ያወጣል፣ ኢንት ክፍልፋዩን ይቆርጣል። ኢፍ እና ዜን "እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ" ማለት ናቸው፣ ጎቱ ወደተጠራው መስመር ይልካል። ዲ አቅጣጫው ነው፦ -1 ግራ፣ 0 ቀጥታ፣ 1 ቀኝ። በአማካይ ከአምስት ረድፍ አንዴ ይቀየራል። .2 የሚለውን ወደ .4 ብታደርሱት መንገዱ ያብዳል፣ ወደ .1 ብታወርዱት ረጋ ያለ ይሆናል። መስመር 120 እና 130 መንገዱ ከስክሪኑ እንዳይወጣ ይመልሱታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ቤዚክ ከዜን በኋላ በ":" የተያያዙት ሁሉ የሚፈጸሙት ሁኔታው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ያደረግኋቸውም ለዚህ ነው።

መስመር 80 የሌለበት ጌም አሳፋሪ ባሕርይ አለው። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አርኤንዲ(1) የሚሰጣቸው ቁጥሮች ተመሳሳይ ናቸው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ያው መንገድ፣ ያው ኩርባ ይመጣል። ቲአይ ማሽኑ ከተከፈተ ጀምሮ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት ነው። እሱን በአሉታዊ ቁጥር ስንሰጠው ዕጣው በየጊዜው ከሌላ ቦታ ይነሳል።

ራን በሉት። መንገዱ ይሮጣል፣ አያቆምምም። ለማቆም ራን ስቶፕ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ቫይስ ላይ እስኬፕ ነው።

መኪናዋ ተራዋ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ሚሞሪ ውስጥ ከ1024 እስከ 2023 ባሉት አድራሻዎች ተቀምጧል። የላይኛው ግራ ጥግ 1024 ነው፣ ከሱ በስተቀኝ ያለው 1025፣ የሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ 1064። አንድ ረድፍ መውረድ ማለት 40 መደመር ማለት ነው። መኪናዋን ከላይ አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ እንተክላለን፤ 1024 ሲደመር 400፣ 1424። በዚያ ላይ ዓምዷን ስንጨምር አድራሻዋ ይወጣል። ፒ ማለት ይኸው ነው።

140 ኬ=ፒክ(197)
150 ኢፍ ኬ=10 ዜን ኤክስ=ኤክስ-1
160 ኢፍ ኬ=18 ዜን ኤክስ=ኤክስ+1
180 ፖክ ፒ-40,32
190 ፒ=1424+ኤክስ
200 ኢፍ ፒክ(ፒ)<>32 ዜን 300
210 ፖክ ፒ,22:ፖክ ፒ+54272,7
220 ኤስ=ኤስ+1

ፒክ የፖክ ተቃራኒ ነው፤ አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። አድራሻ 197 በዚህች ቅጽበት የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ይናገራል። 10 የኤ ቁልፍ ነው፣ 18 የዲ ቁልፍ ነው፣ ምንም ካልተጫነ 64 ይሆናል። ገት የሚባለውን ትዕዛዝ ያልተጠቀምኩት ሆን ብዬ ነው። ገት ቁልፉ አንዴ ሲጫን አንዴ ብቻ ነው የሚያየው፤ 197 ግን ጣታችሁ እስካልተነሳ ድረስ ያያል። ለመሪ የሚሆነው ይሄ ነው።

መስመር 180ን በጥንቃቄ እዩት። ስክሪኑ ሲገፋ መኪናዋም አብራ አንድ ረድፍ ወጥታለች። ስለዚህ አሁን ያለችው ከድሮ ቦታዋ 40 አድራሻ ቀድሞ ነው። እዚያ 32፣ ማለትም ባዶ ቦታ፣ ስንጽፍ ትጠፋለች። ይህን መስመር ከተዋችሁት መኪናዋ የራሷን ቅጂ ከኋላዋ እየዘራች ትሄዳለች።

22 ቪ የምትባለዋ ፊደል ናት፤ ሹል ጫፏ ወደ ታች ስለሆነ ለመኪና ትመቻለች። ሁለተኛው ፖክ ቀለሟ ነው። እያንዳንዱ የስክሪን ቦታ ሌላ አድራሻ ላይ የራሱ ቀለም አለው፣ የሁለቱ ርቀት 54272 ነው። 7 ቢጫ ነው። ቀለሙን ካልጻፋችሁ አንዳንድ ማሽን ላይ መኪናዋ አትታይም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ትሆናለች። በነገራችን ላይ 54272 ቁጥሩ የድምፅ ቺፑም መነሻ አድራሻ ነው። መገጣጠም ብቻ ነው፣ ግን የሌላ ሰው ኮድ ስታነቡ ግራ እንዳያጋባችሁ።

ለእኔ የዚህ ጌም ምርጡ መስመር 200 ነው። መኪናዋ ግድግዳ ነክታ እንደሆነ የምናሰላው ነገር የለም። ልናስቀምጣት ያሰብንበት ቦታ ላይ ምን እንዳለ እንመለከታለን። ባዶ ካልሆነ ተጋጭታለች። ስክሪኑ ራሱ ካርታችን ነው፤ ተጫዋቹ የሚያየውና ፕሮግራሙ የሚፈትሸው አንድ ነገር ነው። ነገ አዲስ እንቅፋት ብትጨምሩ ይህቺን መስመር መንካት አያስፈልጋችሁም።

የአደጋው ክፍል አጭር ነው፦

300 ፖክ ፒ,42:ፖክ ፒ+54272,2
310 ፖክ 198,0
320 ፕሪንት "ነጥብ";ኤስ
330 ፕሪንት "እንደገና? ስፔስ ተጫን"
340 ገት ኤ$:ኢፍ ኤ$<>" " ዜን 340
350 ጎቱ 20

በጥቅሱ ውስጥ ያለውን በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም። 42 ኮከብ ነው፣ 2 ቀይ። አድራሻ 198 ተጭነው ያልተነበቡ ቁልፎች ስንት እንደሆኑ የሚመዘግብ ነው። ስትነዱ የተጫናችኋቸው ኤና ዲ ሁሉ እዚያ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። ዜሮ ስናደርገው ሰልፉ ይበተናል። ለማስጀመር ስፔስን ብቻ የጠየቅሁትም ለዚሁ ነው፤ ተጫዋቹ በድንጋጤ ዲን እየደበደበ ሳለ ጌሙ በራሱ እንዳይጀምር።

አሁን ጌም አላችሁ። ጥቂት ተጫወቱና ተመለሱ።

ግድግዳውን ለምን ሦስት ምልክት አወፈርኩት? ለውበት አይደለም። አንድ ምልክት ብቻ ቢሆን መኪናዋ ግድግዳውን ሾልካ ታልፋለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መኪናዋ ከግራው ግድግዳ አጠገብ ናት። በአንድ ዙር ውስጥ እሷ አንድ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ቀጣዩ ረድፍ ደግሞ አንድ ወደ ቀኝ ይመጣል። ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። መኪናዋ የምትገባበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ መስመር 200ም "መንገዱ ክፍት ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ናት፣ ማንም አይነካት፣ ነጥቧ እየጨመረ ይሄዳል። ሁለት ምልክት ይህንን ይዘጋል። ሦስተኛው የሚያስፈልገው መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ ነው፤ ያኔ የቀኙ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊጠጋ ይችላል።

ማጥበቡም ይኸው፦

222 ሲ=ሲ+1
224 ኢፍ ሲ=60 ኤንድ ደብልዩ>7 ዜን ሲ=0:ደብልዩ=ደብልዩ-1

ኤንድ እዚህ "እና" ማለት ነው። በየ60 ረድፉ መንገዱ በአንድ ይጠባል፣ ክፍቱ ቦታ 4 ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ በታች ብታወርዱት ይቻላል፣ ግን ቀጥሎ ከምንጨምረው እንቅፋት ጋር ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ዕድል ይሆናል።

እንቅፋት፦

165 ኢፍ አርኤንዲ(1)>.1 ዜን 170
166 ቢ=ኤል+3+ኢንት(አርኤንዲ(1)*(ደብልዩ-3))
167 ፕሪንት ታብ(ኤል)"###";ታብ(ቢ)"@";ታብ(ኤል+ደብልዩ)"###":ጎቱ 180

ከአሥር ረድፍ በአንዱ ገደማ መንገዱ መሀል የቆመ ነገር ይመጣል። በሬ በሉት፣ የተበላሸ አውቶቡስ በሉት። ግጭቱን መስመር 200 ቀድሞ ያውቀዋል። ጉርሻ ከፈለጋችሁ በዚሁ መንገድ "$" እየበተናችሁ ይህን ጨምሩ፦

195 ኢፍ ፒክ(ፒ)=36 ዜን ኤስ=ኤስ+20:ጎቱ 210

36 የ"$" የስክሪን ቁጥር ነው።

ለአደጋው ድምፅ የሚሆነው ይህ ነው፦

302 ፖክ 54296,15:ፖክ 54277,10:ፖክ 54278,0
304 ፖክ 54273,10:ፖክ 54276,128:ፖክ 54276,129

54296 የድምፁ መጠን ነው፣ 15 ከፍተኛው። 129 ጩኸት መሰል ድምፅ ያስነሳል፤ 54277 ላይ ያለው 10 ቀስ እያለ እንዲሞት ያደርገዋል። 128 ቀድሞ የመጣው ቺፑ ያለፈውን ድምፅ ለቆ አዲሱን እንዲጀምር ነው። እሱ ከሌለ ሁለተኛው አደጋ ዝም ይላል።

ጆይስቲክ ያለው ሰው ሁለተኛው ሶኬት ላይ ይሰካና ከ140 እስከ 160 ያሉትን በእነዚህ ይተካ፦

140 ጄ=ፒክ(56320)
150 ኢፍ (ጄ ኤንድ 4)=0 ዜን ኤክስ=ኤክስ-1
160 ኢፍ (ጄ ኤንድ 8)=0 ዜን ኤክስ=ኤክስ+1

ቅንፎቹን አትዝለሉ። አንደኛውን ሶኬት አትጠቀሙ፤ ከኪቦርዱ ጋር መስመር ስለሚጋራ ጆይስቲኩን ስትነኩ ያልጻፋችሁት ፊደል ስክሪኑ ላይ ይፈላል።

ስለ ፍጥነት ጥቂት ልበል። የማሽኑ ፕሮሰሰር በ1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ቤዚክ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በደረሰ ቁጥር እንደ አዲስ ያነባል። እንደ 54272 ያለ ረጅም ቁጥር በየዙሩ ከመተርጎም አንድ ጊዜ ኪው=54272 ብሎ መስመር 30 ላይ አስቀምጦ ኪውን መጠቀም ይፈጥናል። ወደ ኋላ የሚመልስ ጎቱ መስመሩን የሚፈልገው ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ጀምሮ ስለሆነ፣ ፕሮግራማችሁ ካደገ ዋናውን ዙር ወደ ላይ አምጡት። መኪናዋ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ደግሞ ከመስመር 170 እስከ 210 መሀል ምንም ተጨማሪ ሥራ አታስገቡ፤ ስክሪኑ ተገፍቶ መኪናዋ እስክትመለስ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ዓይን ያየዋል። ቁልፉን ከፕሪንቱ በፊት ያነበብነው ለዚያ ነው። በተቃራኒው ፈጠነብኝ ካላችሁ ይህን ጨምሩ፦

226 ፎር ቲ=1 ቱ 30:ኔክስት

ባዶ ዙር 1000 ጊዜ ሲሄድ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ 30ውን እንደ ፍላጎታችሁ አስተካክሉት።

ማሽኑ ሲጠፋ ፕሮግራሙ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት አስቀምጡት። ቫይስ ላይ ባዶ የዲስክ ፋይል ፍጠሩና ድራይቭ 8 ላይ አያይዙት። ከዚያ ሴቭ "ጌም",8 ብላችሁ ጻፉ፤ ስሙን በላቲን ፊደል። 8ን ከረሳችሁ ማሽኑ ካሴት ማጫወቻ ያላችሁ መስሎት ሬከርድና ፕሌይ ተጫኑ ይላችኋል። ያኔ ራን ስቶፕ ብላችሁ አቋርጡና እንደገና ጻፉት። ለመጫን ሎድ "ጌም",8 ነው። ኮዱን ቀይራችሁ በዚያው ስም ደግማችሁ ካስቀመጣችሁ ዲስኩ አይቀበልም፤ ስለዚህ በየጊዜው ስሙ ላይ ቁጥር ጨምሩ።